የአንዲት ክንፍ ምስክርነት

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ የዳሞታን ተራራ ከኋላው እየተወ፣ የአባያንም ሐይቅ በስተግራው እያየ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከከተማይቱ ማዶ የተዘረጋው የነጭ ሳር ሜዳ የአዕዋፍን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ያከራከረ ምስጢር እንደ ያዘ አያውቅ ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች፣ ቀን መሬት ላይ ተኝታ እየዋለች ሌሊት ነፍሳትን እያደነች ከምትበላ ወገን የሆነች አንዲት ወፍ በመንገድ ላይ ሞታ አገኙ። ሥጋዋ ፈርሶ ስለ ነበር ክንፏን ብቻ ይዘው ተመለሱ፤ ያ ክንፍም በሙዚየም ካሉት ዘመዶቿ ጋር ሲመረመር፣ ትልቁ ነጭ ምልክት ከክንፉ ጫፍ ርቆ ስለ ታየ፣ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች።

ነገር ግን፣ ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለች ብትሆንስ? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። በ2009 አራት የአዕዋፍ አዋቂዎች በዚያው ሜዳ ሌሊት በመብራት ፈልገው እርሷን የምትመስል ወፍ አየን ብለዋል፤ ሆኖም አልያዟትም። ምስክርነታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የሚፈልገውን አስቀድሞ የሚያውቅ ዓይን በጨለማ ቸኩሎ ይፈርዳል። የዚህን ወገን ዝርያዎች ከሁሉ ይልቅ የሚለያያቸው ድምፃቸው ነው፤ ክንፍ ደግሞ አይዘምርም። ድምፅዋ እስኪሰማ ድረስ ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በአባያ ዳርቻ እንዲህ ያለች ወፍ ሞታ ያገኘ ሰው፣ ክንፏን ዘርግቶ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ቦታውንና ቀኑን ይጻፍ፤ ላባዋንም አይጣል።