ነርሷ እህታችን ወደ አዲስ ከተማ ስትዛወር፦ ከቤት ኪራይ እስከ ሶላት ልናውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

 

ከደሴ፣ ከጅማ ወይም ከሐረር ተነስተው ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ሙስሊም ነርሶች በየጊዜው ያጋጥሙናል። አንዳንዶቹ «ሶላቴ ይበላሽብኛል» ብለው በመስጋት ያገኙትን ሥራ ይተዋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሥራውን ይዘው፣ የቀኑን ሶላቶች ማታ ቤት ሲገቡ ሰብስቦ መስገድን ይለምዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ለራሳቸውም ለሕዝባቸውም የሚጠቅም ዕድል ያጣሉ፤ የሁለተኞቹ ኪሳራ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ብዙውን ጊዜ የሁለቱም ችግር ምንጭ አንድ ነው፤ ዲኑ የሰጣቸውን ስፋት በወጉ አለማወቅ። በዚህ ጽሑፍ ከጉዞው ዝግጅት ጀምረን እስከ ተረኝነት ሰዓት ያሉትን ጉዳዮች በቅደም ተከተል እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ሙያው በዲናችን

በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት ሲቆሰሉ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመስጂዳቸው ውስጥ በተተከለው የሩፈይዳ ድንኳን እንዲታከሙ አድርገዋል። ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ቁስለኞችን የምታክም የመዲና ሴት ነበረች። ኡሙ ዐጢያም (ረ.ዐ) በሰባት ዘመቻዎች ተሳትፋ ምግብ ታዘጋጅ፣ ቁስለኞችን ታክም፣ ሕመምተኞችን ታስታምም እንደነበር ተዘግቧል። ስለዚህ እህታችን የያዘችው ሥራ በዲናችን ውስጥ ጥንታዊና የተከበረ ስፍራ ያለው ነው።

ከመነሳት በፊት

የቀድሞ ሥራን በወጉ መልቀቅ የአማና ጉዳይ ነው። በግል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅባታል። ሳታሳውቅ ብትጠፋ ካሣ ልትጠየቅ ትችላለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተረኛ የሌለው ዋርድ ትታ ትሄዳለች። መልቀቂያና የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ሳትይዝ አትነሳ። የሙያ ፈቃዷ የአገልግሎት ጊዜ እንዳላለፈም ታረጋግጥ፤ ሩቅ ከተማ ተቀምጦ ለማሳደስ መመላለስ አድካሚ ነው። ከቀበሌዋ መሸኛ መያዝም አይዘንጋ፤ በአዲሱ ከተማ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ያስፈልጋታል።

ቤት ስትከራይ

በአዲስ አበባ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይን የሚጠብቁ ድንጋጌዎች አሉት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ብዙ እህቶች ይህን ባለማወቅ የስድስት ወር ኪራይ ተበድረው ይከፍላሉ።

ሌላው ጉዳይ የግቢ በር የሚዘጋበት ሰዓት ነው። ነርስ በማታ ትወጣለች፣ በንጋት ትመለሳለች። ቁልፍ ከመቀበሏ በፊት የሥራዋን ሁኔታ ለአከራዮቿ በግልጽ ብትነግር በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅና ከመጥፎ ጥርጣሬ ትድናለች። ከማታ ተራ በኋላ ትራንስፖርት የሚገኝበት አካባቢ መሆኑንም ታጣራ። ያለ መሕረም በሚደረግ ጉዞ ላይ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ አባት ወይም ወንድም አብሯት ሄዶ፣ ቤቱንና ሰፈሩን አይቶ ቢመለስ ከውዝግቡ ትወጣለች፤ የቤተሰቡም ልብ ያርፋል።

መንገደኛ ናት ወይስ ነዋሪ?

«ለከተማው እንግዳ ነኝና ሶላት ማሳጠር እችላለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይደጋገማል። ከደሴ አዲስ አበባ ባለው መንገድ ላይ ሳለች ባለ አራት ረከዓዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ መስገድ ትችላለች። ለመኖር አስባ ከተማው ከገባች በኋላ ግን ነዋሪ ናት። በሻፊዒ መዝሀብ ከመድረሻና ከመነሻ ቀን ውጭ አራት ቀን ለመቆየት መነየት፣ በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ 15 ቀን ለመቆየት መነየት የመንገደኛን ሑክም ያቆማል። ቤት ተከራይታ ሥራ የጀመረች እህት በሁለቱም መሠረት ሶላቷን አሟልታ ትሰግዳለች።

ውዱእ በሆስፒታል ውስጥ

የበሽተኛ ደም መንካት ውዱእ አያፈርስም። ደሙ ሰውነቷን ወይም ልብሷን ከነካ ግን ከሶላት በፊት ታጥበዋለች ወይም ልብሱን ትቀይራለች። ስለዚህ ለሶላት የሚሆን ንጹሕ ልብስ በሎከሯ ማስቀመጧ ብዙ ያግዛታል።

አብዛኛው የሀገራችን ሙስሊም በሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ፣ መሕረም ያልሆነን ወንድ ቆዳ ለቆዳ መንካት ውዱእን ያፈርሳል። ጓንት ካለ ግን ግርዶ አለና አያፈርስም። ለኢንፌክሽን መከላከያ የምታደርገው ጓንት ውዱኧንም ይጠብቅላታል ማለት ነው።

እግር መታጠብ አስቸጋሪ በሆነበት ቦታ ኹፍ ትልቅ እፎይታ ነው። በውዱእ ላይ ሆና ከለበሰችው፣ ነዋሪ ለአንድ ቀንና ሌሊት፣ ማለትም ለ24 ሰዓት፣ በላዩ ላይ ማበስ ተፈቅዶላታል። ከረጅም ተራም አልፎ ይበቃል።

ሶላት በተራ ሰዓት

በአዲስ አበባ ዙህር እንደ ወቅቱ ከቀኑ 6፡10 እስከ 6፡40 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ ዐስር ደግሞ 9፡30 አካባቢ ነው። በመካከሉ ሦስት ሰዓት ያህል አለ። አራት ረከዓ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ከሥራ ባልደረባ ጋር «አንቺ ምሳ ስትበዪ እኔ እይዝልሻለሁ፤ እኔ ስሰግድ አንቺ ያዢልኝ» ብሎ መግባባት አብዛኛውን ቀን ይፈታዋል። ጠባቡ መግሪብ ነው፤ በተራ ርክክብ ሰዓት ላይ ሊወድቅ ስለሚችል አስቀድማ ታቅድለት።

ረጅም ቀዶ ሕክምና ውስጥ ገብታ መውጣት ካልቻለችስ? ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያለ ፍርሃትና ያለ ዝናብ በመዲና ሁለት ሶላቶችን አጣምረው ሰግደዋል። ከዚህ በመነሳት የተወሰኑ ዑለሞች፣ ልማድ እስካልተደረገ ድረስ፣ ለእውነተኛ ችግር ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመርን ፈቅደዋል። ማጣመር ማሳጠር አይደለም፤ ረከዓው ሙሉ ነው። ዋርዱ ጸጥ ባለበት ቀን ይህን ምክንያት ማድረግ ግን አይገባም። የእያንዳንዷ ሁኔታ ስለሚለያይ የአካባቢዋን ዓሊም ትጠይቅ።

ወንድ ነርስም የጁሙዓ ቀን ሊተወው የማይችል በሽተኛ በእጁ ላይ ካለ ዑዝር አለው፤ ዙህር ይሰግዳል።

ብቻዋን አትሁን

ከዚህ ሁሉ በኋላ እህታችንን የሚያጸናት ጀመዓ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሰፈሯን መስጂድና የሴቶች ቂርኣት የሚሰጥበትን ቦታ ትፈልግ። እኛም ነዋሪዎቹ ድርሻ አለን። አዲስ የመጣችን እህት ቤት በማፈላለግ፣ በዒድ ቀን ተረኛ ከሆነች ምግብ በመላክ፣ ለሌሊት ጾመኛዋ ሱሑር በማሰብ ልናግዛት ይገባል። ነገ እናታችን በታመመች ጊዜ በአልጋዋ ራስጌ የምትቆመው እሷ ናት።

አላህ (ሱ.ወ) እህቶቻችንን በሄዱበት ይጠብቅልን፤ ሥራቸውንም ዒባዳ ያድርግላቸው። ወላሁ አዕለም።