ኀዘን አጥንትን ስለ ማድረቁ ሐተታ (ምሳሌ 17፥22)

ጠቢቡ ሰሎሞን ያዘነች ነፍስ አጥንትን እንደምታደርቅ ተናገረ። ሥጋን ሳይል አጥንትን ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፤ አጥንት የሥጋ ምሰሶ ነውና። አንድም ደዌን የሚዋጉ የነጭ ደም ጭፍሮች የሚወለዱት ከአጥንት መቅኔ ነውና። ኀዘንና ጭንቀት በሰነበተ ጊዜ ከኵላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን ቅመም ያበዛሉ፤ ይህም ለአንዲት ሰዓት ድንጋጤ ረዳት ሲሆን፥ ወራት ከቆየ እነዚያን ጭፍሮች ያደክማል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓመት በአሜሪካ አገር በኦሃዮ የተመረመረ ነገር ይህን ያስረዳል። አእምሮው የጠፋ ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችና ማስታመም የሌለባቸው 13 ሴቶች፥ በፈቃዳቸው ክንዳቸው ላይ ጥቂት ቍስል ቢደረግባቸው፥ የአስታማሚዎቹ ቍስል ለመዳን 9 ቀን ያህል ዘገየ።

በአሰላና በጭላሎ ግርጌ ባለው ደጋም ሌሊት ከሕመምተኛ አጠገብ ስትነቃ አድራ ቀን ገብስ ስታጭድ የምትውል ሴት አትታጣም። በብርድ ወራት ሳል ቢይዛት፥ ከኃጢአቷ የተነሣ ነው የሚል ይገኛል፤ ይህ ግን የኢዮብ ወዳጆች ነገር ነው። ማዘኗም ነውር አይደለም፤ ጌታ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና። የንስሐ አባቷ ስግደት ከመጨመሩ አስቀድሞ፥ በሌሊቱ ተራ የሚያሳርፋት ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ሳሏም ከሁለት ሳምንት ቢያልፍ፥ ጠበሉን ሳያስተዋት፥ በአሰላ ወዳለው ሐኪም ቤት ይላካት።