በድምፅ የሚሄድ ጨዋታ

ከወረታ ወደ ሩቅ አገር የሚደወል ስልክ አጀማመሩ የታወቀ ነው። ጤና ይጠየቃል፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሩዙ ይጠየቃል፤ ክረምት ከሆነ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን አልብሰውት እንደሆነ ይጠየቃል። ከዚያ ወሬው ይነጥፋል። «እና ሌላስ?» ይላል አንዱ። «ደህና ነው፤ እናንተስ?» ይላል ሌላው። ሁለቱም ስልኩን መዝጋት አይፈልጉም፤ የሚባል ነገር ግን አልቋል።

ወረታ ባለችበት በፎገራ ሜዳ ይህ ዝምታ የማያውቀው ቤት ጥቂት ነው። ወረታ ላይ መንገዱ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ደግሞ «የቻይና መንገድ» በሚባለው ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይሄዳል። በሦስቱም አቅጣጫ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ በአንዱ ይነጠቃል። አዲስ አበባ የገባው፣ ሪያድና ቤይሩት የሄደችው፣ ዋሽንግተን የቀረው ሲጨመር ቤተሰቡ በስልክ ይኖራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአዲስ ዘመን አጠገብ ያለችው ይፋግ ስመ ጥር የነጋዴ ገበያ በነበረችበት ጊዜ፣ የራቀ ዘመድ ወሬ የሚመጣው ከቅፍለት ጋር ነበር። ዛሬ ወሬው በየማታው ይደርሳል፤ ያልደረሰው አብሮ ማምሸቱ ነው። ለማምሸት ደግሞ ጨዋታ ያስፈልጋል።

ሁሉም ጨዋታ ግን መንገድ አይችልም። አኩኩሉ መደበቂያ ይፈልጋል፤ ሰኞ ማክሰኞ መዝለያ ይፈልጋል፤ ብይ ጣትና አፈር ይፈልጋል። እጅ ለእጅ እየተማቱ የሚዘፈነውን ጨዋታ በቪዲዮ ጥሪ የሞከረ ሰው፣ ምስሉ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ጭብጨባው እንደማይገጥም ወዲያው ያየዋል። ሩቅ የሚሄደው የተጫዋቹ ተራ በአንድ ቃል ወይም በአንድ ቁጥር ተነግሮ የሚያልቅለት ጨዋታ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ አማርኛ ተናጋሪው ከማንኛውም የስልክ አፕ በፊት የተዘጋጀ ሀብት አለው።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ» ይባላል፤ «ምን አውቅልህ» ይመለሳል፤ ጥያቄው ይወርዳል። መላሹ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር የተሰጠው ጠያቂም እዚያ ሄዶ እንዴት እንደበላና እንደጠጣ፣ ያላወቀው ሰው ደግሞ ምን ሆኖ እንደቀረ እያስረዘመ ይቀልድበታል፤ መልሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የመጨረሻው ክፍል በስልክ ሲሆን ይጣፍጣል። ሪያድ ያለች አክስት ሲያቅታት «ሪያድን ወስደሃል» ካለች፣ ወረታ የተቀመጠው የወንድሟ ልጅ በአፉ ሪያድ ገብቶ፣ ቤቷን አይቶ፣ ፍሪጇን ከፍቶ ይወጣል። እሷም እዚያ ያለውን የቱን እንደሳተ እየሳቀች ታርመዋለች። በጥያቄ ያልተነገረው ኑሮዋ በቀልድ ይነገራል።

ዳታ ከሌለ በቴክስት ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ፤ አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ቢሆንም የኛ አንድ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ሰባው ለአንድ እንቆቅልሽ አያንስም። ለፎገራ የሚስማማ አንድ እዚህ ይፈጠር፦ «በውሃ ቆሞ አደገ፣ በውሃ በሰለ፣ ሲቀርብ ግን ደረቅ ነው፤ ማነው?» ከነክፍተቱና ከነጥያቄ ምልክቱ ከ50 በታች ነው። መልሱን የሩዝ አገር ሰው አያጣውም። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ የቆዩት እንቆቅልሾች ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኙ፣ መልስ የሚሰጠው በጥሪው ላይ እንጂ ስልኩ ተዘግቶ አይደለም።

ዳታ የሌለበት ጊዜ ደግሞ የሐሳብ ምሳሌ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በሰርቨር ላይ የሚኖር ጨዋታ ሁሉ ያን ጊዜ ይቆማል፤ የድምፅ ጥሪ ባለበት የማይቆመው በቃል የሚሄደው ነው።

ከቃል ቀጥሎ ገበጣ ይመጣል፤ ለርቀት ይህን ያህል የሚመች የሰሌዳ ጨዋታ ማግኘት ያስቸግራል። ዕጣ የለበትም፣ የተደበቀ ነገር የለበትም፣ ሰሌዳው መሬት ላይ ይቆፈራል ወይም በእንቁላል ማስቀመጫ ይተካል፤ የተጫዋቹ ተራም ከ1 እስከ 6 ያለ አንድ ቁጥር ነው። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ አራት አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48 ጠጠር ይሁን። ሁለቱም ተጫዋቾች በየቤታቸው ሙሉውን ሰሌዳ ያዘጋጃሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ረድፍ ከግራው ጀምሮ ይቆጥራል። አንዱ «ሦስት» ይላል። አራቱ ጠጠር ተነሥተው በራሱ አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ፣ ከዚያም በባላጋራው አንደኛ ጉድጓድ አንድ አንድ ይወድቃሉ። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ባልሆነ ጉድጓድ ሲወድቅ እየተነሣ የሚቀጠልበት ዓይነት ከሆነ፣ ያ ጉድጓድ አሁን አምስት ስላለው አምስቱ ተነሥተው እስከ ባላጋራው ስድስተኛ ይደርሳሉ፤ እሱም አምስት ስለሆነ ይነሣና በጠሪው አምስተኛ ጉድጓድ ያርፋል፤ ከዚያም ይቀጥላል። አንዲት «ሦስት» የምትል ቃል በወረታና በአዲስ አበባ ሁለት እጆችን በአንድ ጊዜ እያዞረች ትሠራለች ማለት ነው። ስልኩ ውስጥ የጠጠሩ ድምፅ ይሰማል።

ችግሩ ስሕተት ሲገባ ነው። አንዱ ጠጠር ቢያንሸራትት ሰሌዳዎቹ ይለያያሉ፤ ማንም ሳያውቅ ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ይቀጥላሉ። መድኃኒቱ ቆጠራ ነው። ከጥቂት ተራ በኋላ አንዱ የሁለቱንም ረድፍ ጉድጓዶች ከግራ ወደ ቀኝ ያነብባል፤ ሌላው ከያዘው ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ወይም የተበላው ተደምሮ 48 ካልሞላ ወደኋላ ይመለሳሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሕጉን መስማማት ይቀድማል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣና የዘመዶቹ አጨዋወቶችን ሰብስቧል። ባለ ሁለት ረድፍም አለ፣ ባለ ሦስትም አለ፤ መቼ እንደሚበላም ከቦታ ቦታ ይለያል። «እኛ አገር እንዲህ ነው» የሚለው ክርክር ከጨዋታው የማይተናነስ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህም ቢሆን ለስልክ ወሬ ጉዳት የለውም።

በአንጻሩ የመኳንንቱ ጨዋታ ሰንጠረዥ ርቀት አይችልም። ምክንያቱ አስደናቂ ነው። በዛሬው ቼስ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው አንስቶ ተራ ይጠብቃሉ፤ በሰንጠረዥ ግን መክፈቻው ላይ ተራ የሚባል የለም። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ክፍል ሁለቱም የፈለጉትን ያህል በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ እያንዳንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለዋውጣል፤ የመጀመሪያው ሲበላ ብቻ ተራ ይጀመራል። ፓንክረስት ይህን ጨዋታም በዚያው ዓመት በሌላ ጽሑፍ ዘርዝሮታል። ከእሱ ብዙ ቀድሞ ስለ ጨዋታው የጻፈው ዋልተር ፕላውደን፣ ደብረ ታቦር ላይ ከተቀመጡት ከዳግማዊ ራስ አሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1849 የተዋዋለው የእንግሊዝ ቆንስል ነው፤ ደብረ ታቦር ደግሞ ለወረታ ጎረቤት ናት። የባላጋራን እጅ በዓይን ማየት የግድ የሆነበት ጨዋታ በደብዳቤም በስልክም አይላክም። የሰንጠረዥ ወዳጅ ፊት ለፊት ይቀመጥ።

የዛሬው ቼስ ግን የርቀት ጨዋታዎች አባት ነው። የለንደንና የኤድንብራ ክለቦች እ.ኤ.አ. ከ1824 እስከ 1828 በፖስታ ተጋጥመው ኤድንብራ አሸንፏል፤ ለንደኖች የላኩትን አንድ እርምጃ መልሰን እንውሰድ ቢሉም ኤድንብራዎች «የተላከ ተልኳል» በሚል አቋም ጸንተዋል። በ1844 ዋሽንግተንና ባልቲሞር በቴሌግራፍ ሽቦ ተጫውተዋል። በሰኔ 1970 ደግሞ ሶዩዝ 9 ላይ የነበሩት ኒኮላየቭና ሴቫስትያኖቭ ከጠፈር ሆነው መሬት ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር ተጫውተው አቻ ወጥተዋል።

በአማርኛ በስልክ ቼስ ለመጫወት አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። የሰሌዳው ስምንት አምዶች በፊደል ቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ቢባሉ በወረቀት ያምራል፤ በጆሮ ግን ሀ እና ሐ አንድ ናቸው፣ ሠ እና ሰ አንድ ናቸው፣ ሸ ደግሞ በደካማ መስመር ላይ ሰ ይመስላል። ስለዚህ ተመሳሳዮቹን ዘሎ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ፣ ተ ማድረግ ይሻላል። የንጉሡ ወታደር ሁለት ሲራመድ «ሰ ሁለት ወደ ሰ አራት» ይባላል፤ ሌላው ይደግመዋል፤ ሁለቱም ያንቀሳቅሳሉ። ሰሌዳ ከሌለ ካርቶን ላይ ተሥሎ ቆርኪ ይደረደራል። ዳማ መቼም ያለ ቆርኪ አያውቅም፤ ካሬዎቹ ቁጥር ይሰጣቸውና እሱም ይሄዳል።

ዳይስ ያለበት ጨዋታ ሲመጣ ግን እምነት ይፈተናል። ሉዶ እየተጫወቱ ከወዲያ «ስድስት ወጣልኝ!» የሚል ድምፅ ብቻ ሲሰማ ማን ያምናል? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትንም ያስጨነቀ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁሩ ማኑኤል ብሉም እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ጽሑፍ ርእሱ በስልክ ሳንቲም ስለመጣል ነው። ምሳሌው የተፋቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ በተለያየ ከተማ ይኖራሉ፣ መኪናው ለማን ይድረስ የሚለውን በሳንቲም ሊወስኑ ይፈልጋሉ፣ አይተማመኑም። የብሉም መልስ በሒሳብ የታሰረ ነው፤ ፍሬ ሐሳቡ ግን አንዱ ምርጫውን መለወጥ በማይችልበት መንገድ አስቀድሞ ቆልፎ ያስቀምጥ፣ ሌላው ይገምት፣ ከዚያ ይከፈት የሚል ነው። ለቤተሰብ ጨዋታ ቁልፉ ቀላል ነው። አንዱ ከ1 እስከ 6 አንድ ቁጥር መርጦ ለአንዲት የታመነች ዘመድ በቴክስት ይልካል፤ ሌላው የራሱን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ ዘመድ የተላከላትን ትናገራለች። ሁለቱ ይደመራሉ፤ ከስድስት ከበለጠ ስድስት ይቀነሳል፤ የቀረው የዳይሱ ቁጥር ነው። አራትና አምስት ዘጠኝ፣ ስድስት ሲቀነስ ሦስት። አንዳቸው እንኳ በዘፈቀደ ከመረጠ ውጤቱን ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ዘመድ ከአንዱ ጋር ተመሳጥራ ከሆነ ግን ሒሳብ አያድንም።

ይህን ልፋት የማይፈልግ ስልኩ ዳይሱን ይጣልለት። በ2016 እ.ኤ.አ. ከሕንድ የወጣው ሉዶ ኪንግ ራቅ ያሉ ሰዎችን በአንድ ሰሌዳ ያገናኛል። ቴሌግራም በዚያው ዓመት ጨዋታዎችን በውይይት ገጹ ውስጥ አስገብቷል፤ በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ትክክለኛ መልስ ያለው የጥያቄ ምርጫ ጨምሯል፤ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ «የአያታችን በሬ ስሙ ማን ነበር?» ብሎ አራት ምርጫ መስጠት ከማንኛውም የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ይበልጣል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ ሠርቷል። ለቼስ ሊቼስ የተባለው ነፃ ድረ ገጽ ማስታወቂያ የለውም፤ ለአንድ እርምጃ ከአንድ ቀን እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ዘገምተኛ አጨዋወትም አለው።

ለልጆች ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው የቦታ ስም ቅብብል ነው። አንዱ የተናገረው ስም በሚያልቅበት ፊደል ሌላው ይጀምራል። ይፋግ፣ ጎንደር፣ ርብ፣ ባሕር ዳር፣ ራያ፣ ያቤሎ፣ ላሊበላ እያለ ይሄዳል። እዚህም ስምምነት ይቅደም፤ በ«ግ» ካለቀ በ«ጎ» መጀመር የተፈቀደው የፊደሉ ቤት እንጂ አናባቢው ስለማይቆጠር ነው፤ ቤቱም አናባቢውም ይግጠም ከተባለ ጨዋታው ቶሎ ቶሎ ይደናቀፋል። ወንዝ ይቆጠራል ወይ? ቀበሌስ? ተንኮለኛ ልጅ ወረታን ሰምቶ «ተንታ» ይላል፤ ያው ታ ተመልሶ ለባላጋራው ይደርሰዋል።

የቀረው ሰዓት ነው። ሪያድ ከወረታ ጋር በሰዓት አንድ ናት፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ቤይሩት በበጋቸው እኩል ሆና በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ወደዚያ ለሚደወል የማታ እንቆቅልሽ ችግር የለም፤ ሥራዋን ጨርሳ የተቀመጠች እህት በዚያው ሰዓት ትገኛለች። ዋሽንግተን ግን እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደኋላ ነው። ወረታ ላይ ራት ተበልቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ ቀትር ገደማ ነው፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ከዚያ ላለ ወንድም የሚሻለው በቴክስት የሚሄደው ገበጣ ነው፤ ጠዋት አንድ ቁጥር ይልካል፣ ወረታ ያለው ከሰዓት በኋላ ጠጠሩን አዙሮ የራሱን ቁጥር ይመልሳል። ሰሌዳው ልጆች በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ የተበተነ እንደሆነም የተላኩት ቁጥሮች ስልኩ ውስጥ ስላሉ ከመጀመሪያው አንስቶ እንደገና ማዞር ይቻላል።