ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ በግሸን መንገድ ላይ ያለ ትምህርት ቤትና መዝገብ ቤት

ሐይቅ እስጢፋኖስ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ወደ ውሃው ዘልቆ በገባ ልሳነ ምድር ላይ የሚገኝ ጥንታዊ የወንዶች ገዳም ነው። ቦታው ቀድሞ ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ ያለ ታንኳ በእግር ይደረስበታል። ከሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ስለዚህም የውሃው ከፍታ ከዝናቡና ከገባር ወንዞቹ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። የአካባቢው አፈ ታሪክ ግን ለሐይቁ መፈጠር ሌላ ምክንያት ይሰጣል፦ አንዲት ነፍሰ ጡር ተበድላ ወደ ፈጣሪ ብትጮኽ ምድሩ በሙሉ ውሃ ሆነ፣ እርሷ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ተረፈ ይባላል።

ቤተሰብን ይዞ የሃይማኖት ታሪክ ወደ ተፈጸመባቸው ቦታዎች መጓዝ በብዙ ሃይማኖቶች ዘንድ ያለ ልማድ ነው። በተለምዶ ሞርሞን እየተባሉ የሚጠሩት፣ በ1830 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን አባላት፣ መሥራቻቸው ጆሴፍ ስሚዝ በወጣትነቱ ከኖረባት ከፓልማይራ ተነሥተው፣ በኢሊኖይ ግዛት ናቩን አይተው፣ ቀደምቶቻቸው በ1847 እስከ ደረሱበት እስከ ሶልት ሌክ ሸለቆ ድረስ የስደታቸውን መንገድ ከልጆቻቸው ጋር ይከተላሉ። የእነርሱ ታሪክ ሁለት መቶ ዓመት ያልሞላው በመሆኑ ተጓዡ የመሥራቾቹን መኖሪያ ቤት ሳይቀር እንደ ቀድሞው ታድሶ ያገኘዋል። በየዓመቱ መስከረም 21 ለማርያም በዓል በሐይቅ ከተማ አልፎ ወደ ግሸን የሚወጣው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ጎራ ቢል እንኳ የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ሕንፃ አያገኝም። የዚህ ገዳም ታላቅነት ያለው በግንቡ ሳይሆን ባስተማራቸው ሰዎች፣ በያዘው ሹመትና በጠበቃቸው መጻሕፍት ነውና፣ ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ጎብኚ ውሃውን አይቶ፣ ዓሣውን በልቶ ይመለሳል።

እንደ ገዳሙ ትውፊት በስፍራው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የታነጸው በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ድልነዓድና በጳጳሱ በአባ ሰላማ ዘመን ነው። የምናኔ ማኅበር ሆኖ የተደራጀው ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በ1248 ገደማ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከመጡ በኋላ ነው። ኢየሱስ ሞዐ የዳህና ተወላጅ ሲሆኑ፣ በትግራይ በሚገኘው በደብረ ዳሞ በአበ ምኔቱ በአባ ዮሐኒ ሥር ምንኩስናን የተማሩ መነኩሴ ነበሩ። እርሳቸው በሐይቅ ያቋቋሙት ማኅበር ጸሎትን ከትምህርትና መጻሕፍትን ከመገልበጥ ጋር ያጣመረ ስለ ነበር፣ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ በሰሜን ተወስኖ የቆየው የገዳም ትምህርት ወደ ወሎና ወደ ሸዋ የተሻገረበት ድልድይ ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ገዳም ከኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ለበርካታ ዓመታት ከተማሩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ተሻግረው፣ በመጨረሻም በሸዋ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት ታላቁ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም ተምረው የወጡት ከዚሁ ገዳም ነው።

በ1270 የዛጔ ሥርወ መንግሥት ወድቆ ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ሐይቅ ምን ድርሻ ነበረው የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ገዳማትን ሲያከራክር ኖሯል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ለንግሥናው መሳካት ተክለ ሃይማኖትን ሲያመሰግን፣ የሐይቅ ትውፊት ምስጋናውን ለኢየሱስ ሞዐ ይሰጣል። ታደሰ ታምራትን የመሰሉ የታሪክ ተመራማሪዎች ሚዛኑ ወደ ሐይቅ እንደሚያደላ ጽፈዋል፤ ይኩኖ አምላክ የተነሣው ከዚሁ ከአምሐራ ምድር መሆኑና የሐይቅ አበ ምኔት በኋላ በቤተ መንግሥት ያገኘው ማዕረግም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ማዕረጉ ዐቃቤ ሰዓት ይባላል፤ የንጉሡን የጸሎትና የጉባኤ ሰዓት የሚጠብቅ፣ ወደ ንጉሡ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያውቅ ሹም ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468)፣ ዐቃቤ ሰዓቱ ከንጉሡ አጠገብ ከሚቆሙት ጥቂት ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። የመነኮሰ ሰው እንዲህ ላለ ዓለማዊ ሹመት መብቃቱ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ቢመስል አያስደንቅም፤ በዘመኑ ግን ቤተ ክህነትንና ቤተ መንግሥትን ያገናኘው ዋነኛ ገመድ ይኸው ነበር።

ከገዳሙ ሀብት ሁሉ የሚበልጠው በ1280/81 ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ነው። የተጻፈበት ዘመን ተለይቶ ከሚታወቅ ሥዕላዊ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ከወንጌላውያኑና ከቅዱሳኑ ሥዕሎች ጋር የራሳቸው የኢየሱስ ሞዐ ምስል ይገኝበታል። መጽሐፉ ለንባብና ለቅዳሴ ብቻ አላገለገለም። በኢትዮጵያ የታላላቅ አድባራት ወንጌል መዝገብ ቤትም ነበርና፣ በባዶ ገጾቹና በኅዳጎቹ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የገዳሙ ንብረት ዝርዝርና የሹማምንት ስም ይጻፍበት ነበር፤ መሬቱን ለመንጠቅ የመጣ ሰው በወንጌሉ ላይ የተጻፈውን ቃል መድፈር ስለሚሆንበት ይፈራል የሚል እምነት ነበረ። የታሪክ ሰው ስለ መካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ከሚያውቀው ብዙው የተለቀመው ከእንዲህ ዓይነት ኅዳግ ነው።

በ1520ዎቹ አገሩን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደሴቲቱን ሎሚና ብርቱካን የበዛባት፣ መነኮሳቷም ቅሎች በታሰሩበት የደንገል ታንኳ የሚመላለሱባት አድርጎ ገልጿታል፤ ዐቃቤ ሰዓትንም በራሱ አፍ አጣምሞ «ካቤያታ» ብሎ መዝግቦታል። ብዙም ሳይቆይ በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ደሴቲቱን ይዞ ሀብቷን ወሰደ። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ከዚያ ጥፋት ተርፏል።

የመንገዱ መድረሻ የሆነው፣ አምባሰል ውስጥ የሚገኘው ግሸንም ስለ ራሱ ብዙ የሚባልለት ነው። በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው አምባ የጌታ ግማደ መስቀል የተቀመጠበት ተብሎ ይከበራል፤ በትውፊቱም መስቀሉን በዚያ ያኖሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ከዚያ አስቀድሞም ሆነ በኋላ፣ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ፣ አምባው ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት እስር ቤት ነበር። ሐይቅ ነገሥታቱን የሚመክር መነኩሴ ሲሰጥ፣ ግሸን ደግሞ የነገሥታቱን ወንድሞች ይዞላቸዋል፤ ሁለቱን በአንድ ጉዞ የሚያይ ቤተሰብ የዚያን ዘመን መንግሥት ሁለት ምሰሶዎች አየ ማለት ይቻላል።

ሐይቅን ለማየት የሚሄድ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሥርዓት አለ፤ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ክልል አይገቡም። አባትና ወንዶች ልጆች ሲገቡ እናትና ሴቶች ልጆች ከውጭ ይቆያሉ፤ ስለዚህ ጉዞው ሲታቀድ ለሁሉም የሚበቃ ጊዜና ማረፊያ ማሰብ ያስፈልጋል። ወንጌሉን በተመለከተ ግን መከልከል የለም። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣው፣ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሥራ መጽሐፉን በቁጥር 1832 መዝግቦታል፤ ቅጂውም በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ስለሚጠበቅ፣ የኢየሱስ ሞዐን ምስል ወንድም ሆነ ሴት ሊያየው ይችላል።