ከክፍሉ ኋላ የተቀመጠው ባልደረባ

በኬሚስትሪ ተመርቆ በጌዴኦ ዞን፣ ቡሌ ወረዳ ማስተማር የጀመረ አንድ ወጣት መምህር እናስብ። የሞልን ጽንሰ ሐሳብ ሊያስረዳ ይጀምራል፤ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል፤ እንደገና ሲሞክር እርሱም ግራ ይጋባል። ደወሉ ሲደወል ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቶ ሻይ ይጠጣል እንጂ የገጠመውን ለማንም አይናገርም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ዝምታ ነው።

ሐንስ ሰልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ የአይጦች አካል ለተለያዩ ጎጂ ሁኔታዎች ተመሳሳይ ምላሽ እንደሚሰጥ አመለከተ። ዛሬ ስለ ሂደቱ ይበልጥ እናውቃለን። በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ይህም ከኩላሊት በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል፤ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞንም ወደ ደም ይለቀቃል። ኮርቲሶል ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል። ውጥረቱ ያለ ፋታ ሲደጋገም ግን እንቅልፍንና የማስታወስ ችሎታን ያውካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ከሥራ የሚመነጨውን ዝለት በበሽታነት አልመዘገበውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል። መገለጫዎቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና የውጤታማነት ስሜት ማነስ ናቸው። መንስኤው ከሥራው ከሆነ መፍትሔውንም በቅድሚያ በሥራው ቦታ መፈለግ ተገቢ ይመስለናል።

በጌዴኦ ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ክብደት አለው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ትምህርት ቤቶችም መጠለያ ሆነው ነበር። ስለ ተማሪዎች ጉዳት ሲነገር፣ መምህሩም የዚያው ማኅበረሰብ አባል መሆኑ ቶሎ ይዘነጋል።

እንግዲህ «ኮችንግ» የሚባለው ድጋፍ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ሲነሣ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚጮኸው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ይታወሰን ይሆናል። የቃሉ ምንጭ ግን ኮች በተባለች የሃንጋሪ መንደር ይሠራ የነበረ ሠረገላ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ፣ ተሸክሞ የሚያሻግር ነው በማለት በሠረገላው ስም ጠሩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። መምህሩና ልምድ ያለው ባልደረባው አንድ ነገር ብቻ መርጠው ይስማማሉ፤ ለምሳሌ ከጥያቄ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ዝም ተብሎ እንደሚጠበቅ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፣ ይዳብራልም። ባልደረባው ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ሰከንዶቹን ይመዘግባል። ከክፍለ ጊዜው በኋላ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» አይልም፤ «ያንን ጥያቄ ስትጠይቅ ምን መልስ ጠብቀህ ነበር?» ይላል። በሳምንቱ ይመለሳል። ዋናው ነገር መመለሱ ነው።

ክራፍት፣ ብሌዛርና ሆጋን እ.ኤ.አ. በ2018 የ60 ጥናቶችን ውጤት አጣምረው ሲመረምሩ፣ ኮችንግ የማስተማር ጥራትን በ0.49፣ የተማሪዎችን ውጤት በ0.18 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን እንዳሻሻለ አገኙ። ፕሮግራሞቹ ብዙ መምህራንን ሲያቅፉ ግን ውጤቱ ይቀንሳል። ልኬቱ የማስተማርና የመማር እንጂ የመምህሩ ደኅንነት አለመሆኑንም ልብ ማለት ያሻል።

በወረቀት ላይ አገራችን ብዙም አልጎደላትም። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብሩ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ ለጀማሪ መምህር የሁለት ዓመት ትውውቅና የሚደግፈው አማካሪ መምህር ይመድባል። ችግሩ፣ በእኛ አስተያየት፣ ዛሬ ሊረዳ የገባው የትምህርት ክፍል ተጠሪ ወይም ሱፐርቫይዘር ነገ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ሊሞላ የሚችል መሆኑ ነው። ነጥብ ለሚሰጥ ሰው ድካሙን የሚገልጥ ማን ነው?

የዲላ ዩኒቨርሲቲ አነሣሥ እዚህ ላይ ትዝ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ስም ተወለዱ፤ ሆኖም ጀማሪው ሐኪም ከአልጋው አጠገብ አንጋፋ ባልደረባ ሲኖረው መምህሩ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይጀምራል።

ስለዚህ አማካሪው ከምዘናው ውጪ ቢሆን፣ ማስታወሻውም በመምህሩ እጅ ቢቀር መልካም ነው። በሰዓት ድልድሉ ላይ ለሁለቱ አንድ የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ መገኘት አለበት፤ የማስተማር ጫና በበዛበት ትምህርት ቤት ይህ ከሁሉም ይከብዳል።

ወደ ቡሌው ወጣት እንመለስ። ባልደረባው «ተማሪዎችህ ሳይቆጥሩ ብዛትን የሚያውቁት ነገር ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው እንበል። ወጣቱ ጥቂት ያስባል። በይርጋጨፌ ገበያ ቡና በኪሎ ይሸጣል፤ ፍሬውን የሚቆጥር የለም። የመቶ ፍሬ ክብደት ከታወቀ የአንድ ኪሎው ብዛት በስሌት ይገኛል፤ ሞልም አተሞችን በሚዛን መቁጠር ነው። ማክሰኞ አንድ እፍኝ ቡና በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ክፍል ይገባል።