ስለ ልጆች ጥፋት ተጠያቂው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አንድ ወጣት ሰርቆ ወይም ሰው አቍስሎ በዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ፥ «ይህን ልጅ ማን አበላሸው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አባት በትምህርት ቤቱ ያመካኛል፤ መምህሩ በወላጆቹ ያመካኛል፤ ጎረቤትም «የእኔ ልጅ አይደለም» ብሎ ያልፋል። ልጁ ግን በመካከሉ እረኛ እንደሌለው በግ ይቀራል።

አባቶቻችን ሲተርኩ፥ አንድ ሕፃን ከጎረቤት እንቍላል ሰርቆ ቢመጣ እናቱ ዝም ብላ ተቀበለችው። ልጁም ከእንቍላል ወደ ዶሮ፥ ከዶሮ ወደ በግ፥ ከበግ ወደ በሬ እየተሸጋገረ አደገ። በመጨረሻ ለሞት ቅጣት ሲወሰድ «ምነው እናቴ፥ በእንቍላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» አላት ይባላል። እንግዲህ ወንጀልን መከላከል የሚቻለው በእንቍላሉ ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከልጁ አጠገብ ያለው ዳኛ ሳይሆን ወላጅ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደ ተጻፈው፥ ካህኑ ዔሊ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የእግዚአብሔርን መሥዋዕት ማቃለላቸውን ሰምቶ በቃል ገሠጻቸው እንጂ ከጥፋታቸው አልከለከላቸውም። ሁለቱም በአንድ ቀን ሞቱ፤ ታቦተ ጽዮንም ተማረከች፤ ዔሊም ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ወድቆ ሞተ። መከልከል ሲባል ግን መደብደብ ማለት አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አዝዟልና። መከልከል ማለት ልጁ የት፥ ከማን ጋር እንደ ዋለ መጠየቅ፥ የሰው ገንዘብ ይዞ ቢመጣም ራሱ ወስዶ እንዲመልስና ይቅርታ እንዲለምን ማድረግ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግም ይህንኑ ያስረዳል። 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ ለቤተሰቡ፥ ለትምህርት ቤቱና ለአሳዳሪው የተተወ ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም እንደ አዋቂ አይቀጣም። ሕጉ ሕፃኑን ወደ እኛ ከመለሰው፥ እኛ ደግሞ ወደ ማን እንመልሰዋለን?

ወላጅ የሌለውስ? ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና አባትና እናት የሚቆሙላቸው ለበዓል ግብዣ ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖትና ምግባር ሊያስተምሯቸው ነው። የንስሐ አባትም ወደ ቤቱ ሲገባ ስለ ልጆቹ ይጠይቅ።

ስለዚህ ማንም «ያ ልጅ የእኔ አይደለም» አይበል። ዛሬ እንቍላሉን ያየ ሰው ዛሬውኑ ይናገር።

ልጆቻችንን በቸርነቱ ይጠብቅልን፤ ለእኛም የምንጠብቅበትን ልብ ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።