የበረቱ ዐይን፦ ያለ ዳታ የሚሠራ ካሜራ በትንሽ ቦርድ

በምዕራብ ሐረርጌ የቁጠባ ደብተሩ ብዙ ጊዜ ያለው ባንክ ሳይሆን በረት ውስጥ ነው። ገበሬው አንድ ወይም ሁለት በሬ ያስርና የማሽላ ቡቃያና አገዳ በእጁ እያጎረሰ ያደልባል። «የሐረር ሰንጋ» እየተባለ የሚወደሰው ይኼ ነው። በሬው ሲሸጥ የልጆች ትምህርት፣ የዘር መግዣ፣ አንዳንዴም ሠርግ ይወጣበታል። ታዲያ ቦኬ ያለው አጎቴ የገበያው ቀን በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ የለውም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ባትሪውን ይዞ ይነሳል።

«ካሜራ ለምን አይገዛም?» ትሉ ይሆናል። ካሜራው የሚመጣው ከውጭ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ በግራፍ ያየነውን ነገር መርካቶ ሱቅ ውስጥ በዋጋ ታገኙታላችሁ። ከዕቃው ውስጥ ግን ዶላር የማይጠይቅ አንድ ክፍል አለ፤ ሶፍትዌሩ።

ኢኤስፒ32-ካም የሚባለው ቦርድ መጠኑ ከክብሪት ሳጥን አይበልጥም። በውጭ ገበያ ከ10 ዶላር በታች ይሸጣል። 2 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ 4 ሜጋባይት ተጨማሪ ሜሞሪና ዋይፋይ አለው። ቺፑን የሠራው የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ የካሜራውን ላይብረሪ በአፓቺ 2.0 ፈቃድ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የፈቃዱን ጽሑፍ አብራችሁ እስካቆያችሁ ድረስ መጠቀም፣ መቀየር፣ ሠርቶ መሸጥም ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ኮዱን ስትጭኑ ብቻ ነው፤ የጓደኛም ይሁን። አርዱዊኖ የተባለውን ፕሮግራም ከጫናችሁ በኋላ የኢኤስፒ32 ቦርዶችን ፓኬጅ ጨምሩ። ላይብረሪው እዚያው ውስጥ ስላለ ለብቻው አትፈልጉት። ፓኬጁ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ ግን ነፃ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። ከዚያ ከምሳሌዎቹ ውስጥ «ካሜራ ዌብ ሰርቨር» የሚለውን ክፈቱና ከተደረደሩት የካሜራ ሞዴሎች «ኤአይ ቲንከር»ን ብቻ አስቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ምሳሌው ቦርዱን ከቤት ዋይፋይ ጋር ለማገናኘት የተጻፈ ነው። ቦኬ ላይ ስንቱ ቤት ዋይፋይ አለው? ስለዚህ ግንኙነቱን የሚጀምረውን መስመርና እስኪገናኝ የሚጠብቀውን ክፍል አውጥታችሁ፣ በምትኩ ቦርዱ የራሱን ዋይፋይ እንዲያሠራጭ የሚያደርገውን ትእዛዝ አስገቡ። የይለፍ ቃሉ ቢያንስ 8 ፊደል ወይም ቁጥር ይሁን። ስልካችሁን ከዚያ ዋይፋይ ጋር አገናኝታችሁ ብራውዘር ላይ 192.168.4.1 ብትጽፉ ምስሉ ይመጣል። አንድ ሜጋባይት ዳታ አይበላም። ስልኩ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ከዋይፋዩ እንዳይወጣ ሞባይል ዳታውን አጥፉት።

ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያደናቅፋሉ። አንደኛ፣ ቦርዱ የዩኤስቢ መሰኪያ የለውም። ስትገዙ «ኤምቢ» የሚባለውን መሰኪያ ያለው ማስቀመጫ አብራችሁ ጠይቁ። ያለሱ ከሆነ የዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ ያስፈልጋችኋል፤ ኮድ ስትጭኑም «አይኦ 0» የሚለውን ፒን ከግራውንድ ጋር በሽቦ ማገናኘት፣ ሲያልቅ ደግሞ ማላቀቅ አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ቦርዱ እየጠፋ እየበራ ካስቸገረ መጀመሪያ ገመዱንና ቻርጀሩን ጠርጥሩ። 5 ቮልት፣ 2 አምፔር የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ይተካል።

ጨለማ ውስጥ ግን ይህ ካሜራ አያይም። በረቱ ጋ ትንሽ የሶላር መብራት ይኑር። ምስሉንም 640 በ480 ላይ አድርጉት፤ ትልቁ መጠን በዋይፋይ ሲመጣ ይንቀራፈፋል።

ጥንቃቄም አለ። ምሳሌው ገጽ የራሱ የይለፍ ቃል የለውም፤ ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ የዋይፋዩን ይለፍ ቃል ለማንም አትስጡ። ካሜራው የሚያየውም የእናንተን በረት እንጂ የጎረቤትን ደጃፍ አይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። ከአዋጁ በፊት ደግሞ ጉርብትና አለ።

በዚያው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሮ ነበር። ሰርተፍኬቱን ስልካቸው ላይ ያስቀመጡ ልጆች ጭሮም ገለምሶም አይጠፉም። ለጎረቤት በረት ካሜራ ገጥሞ የእጅ ዋጋ መቀበል ያንን ወረቀት ወደ ገቢ ይቀይረዋል፤ ፈቃዱም ይህን አይከለክልም።

ካሜራው ሌባ አይዝም። ውሻውም ጎረቤቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። አጎቴ አሁንም ሌሊት ሦስቴ ይነቃል፤ ግን ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ ስልኩን አይቶ ተመልሶ ይተኛል። ለአንድ አደላቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።